በኬንያ ዳርቻ ቆሞ አዳኝ የባሕር ዓሣ ማጥመድ፦ ለእረፍት ተጓዥ ዝርዝር መመሪያ

ለእረፍት ወደ ሞምባሳ፣ ዲያኒ፣ ኪሊፊ ወይም ዋታሙ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ዓሣ ማጥመድን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሐይቅ ነው። በላንጋኖ፣ በሐዋሳ ወይም በጫሞ ዳር መንጠቆ የጣለ ሰው እጁ ሥራውን ለምዷል፤ ክር መቋጠርም ሆነ መታገሥ አይቸግረውም። ሐይቅ ግን ሁልጊዜ ያለበት ቦታ ይገኛል። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። በኬንያ ዳርቻ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአንዳንድ ቀናት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ጠዋት ጉልበት ድረስ ገብተው የቆሙበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ሰው ያሰጥማል፤ ጥልቅ የነበረውም ደርቆ ሸርጣን ይሯሯጥበታል። አዳኞቹ ዓሦች የሚንቀሳቀሱት ይህን ተከትለው ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ከዘንግና ክር ከሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ይልቅ ስለ ሰዓትና ስለ ቦታ ብዙ ይነገራል። እኔ በጽኑ የማምንበት ነገር ቢኖር መካከለኛ ዕቃ ይዞ በትክክለኛው ሰዓት የቆመ ሰው፣ ውድ ዕቃ ይዞ በተሳሳተ ሰዓት ከሚቆመው የበለጠ እንደሚይዝ ነው።

የሚፈልጉት ዓሣ የትኛው ነው?

አዳኝ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦችን እያባረሩ የሚበሉት ናቸው። ከዳርቻ ሊደረስባቸው የሚችሉት ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ትሬቫሊ፣ በአካባቢው ሰው አጠራር ኮሌኮሌ፤ ባራኩዳ ወይም ምዚያ፤ ኪንግፊሽ፣ ማለትም ንጉሩ፤ ኩዊንፊሽ፤ እንዲሁም አፉ እንደ መርፌ የረዘመውና ውኃው ላይ እየዘለለ የሚሸሸው ቀጭን ዓሣ። በድንጋይ ሥር የሚያደፍጠው ግሩፐርም አልፎ አልፎ ይመታል። ከትሬቫሊ ዝርያዎች ትልቁ ጃይንት ትሬቫሊ ሲሆን በዘንግ የተያዘው ክብረ ወሰን 72.8 ኪሎ ግራም ነው፤ የተያዘውም በጃፓን ነው። በእረፍት ቀናት ከዳርቻ የሚያገኙት ከአንድ እስከ አምስት ኪሎ የሚመዝን ይሆናል። ትንሽ መስሎ እንዳያታልልዎ፤ አራት ኪሎ የሚመዝን ትሬቫሊ ክር እየጎተተ ወደ ኮራል፣ ወደ ስለታሙ የባሕር ድንጋይ፣ ሲሮጥ ያየ ሰው አይንቀውም።

አንደኛ፦ የጉዞውን ቀን ከነፋሱና ከጨረቃው ጋር ያስማሙ

የኬንያን ባሕር ሁለት ነፋሳት ይፈራረቁበታል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ይባላል፤ ውኃው የሚጠራውና ሞገዱ የሚረጋጋው በዚህ ወቅት ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ለወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኩሲ ግን ባሕሩን ያናውጣል፣ ዳርቻውንም በባሕር ሣር ይሸፍነዋል፤ በጣሉ ቁጥር መንጠቆው ሣር ለብሶ ይመለሳል። ሚያዝያና ግንቦት በዚያ ላይ የከባድ ዝናብ ወራት ናቸው። ለገና ወይም ለጥምቀት ሰሞን ፈቃድ ያገኘ ሰው እንግዲህ ወቅቱ ገጥሞለታል።

ቀጥሎ ጨረቃዋን ይመልከቱ። ሙሉ ጨረቃና ጠፍ ጨረቃ በሚሆንባቸው ቀናትና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሙላቱም ሽሽቱም ከፍተኛ ይሆናል። አጥማጆቹ ይህን ባምቩዋ ይሉታል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ደግሞ ውኃው የሚንቀሳቀሰው በትንሹ ነው፤ ልዩነቱ ወደ አንድ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ይህም ማጂ ማፉ ይባላል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ተጓዥ ከአውሮፓዊው የተሻለ ዕድል አለው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። አጥማጁ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ሲልዎት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የጊዜ ክልላችንም አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓትዎን አይነኩትም። በስልክ ላይ የሚገኙትና ወደቦች የሚያትሟቸው የሙላትና የሽሽት ሠንጠረዦች ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተዘጋጁ ናቸው። ሠንጠረዡ 16፡00 ካለ በእኛ 10 ሰዓት ነው። ለሞምባሳ አካባቢ የሚፈልጉት ሠንጠረዥ ኪሊንዲኒ በሚል ስምም ይገኛል።

በባምቩዋ ቀናት ሞምባሳ አካባቢ ባሕሩ ጢም ብሎ የሚሞላው በእኛ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሌሊቱም፣ ከቀኑም። እስከ ጥጉ የሚሸሸው ደግሞ በ4 ሰዓት ገደማ፣ ጠዋትም ማታም። ይህ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ በማጂ ማፉ ቀናት ሙላቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ሽሽቱ 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም እንመልከት። አዳኝ ዓሣ በጎሕና በምሽት፣ ብርሃኑ ሲደበዝዝ፣ ይበልጥ ይደፍራል። ፀሐይ እዚያ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ዙሪያ ትወጣለች፣ ትጠልቃለችም። ስለዚህ በባምቩዋ ቀናት ጎሕ ሲቀድም ሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ ሞልቶ መሸሽ የጀመረበት ሰዓት ነው፤ በማጂ ማፉ ቀናት ደግሞ በእነዚሁ ሰዓቶች ባሕሩ እየሞላ ነው። የት መቆም እንዳለብዎ የሚወስነው ይህ ነው። ምርጫ ካለዎት ጉዞዎን ከሙሉ ጨረቃ ወይም ከጠፍ ጨረቃ አንድ ቀን ቀደም ብለው ይጀምሩና ከሳምንት ጥቂት ቀናት አልፈው ይቆዩ፤ ሁለቱንም ሁኔታ ያገኛሉ።

ሁለተኛ፦ የተከለከለውን ቦታ አስቀድመው ይወቁ

ከውቦቹ ዳርቻዎች አንዳንዶቹ ብሔራዊ የባሕር ፓርኮች ናቸው። የማሊንዲና የዋታሙ ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋሙ ሲሆን የሞምባሳና የኪሲቴ ፓርኮችም አሉ። በፓርክ ክልል ውስጥ ማንኛውም ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው፤ ይዘው መልቀቅዎም ከጥፋት አያድንዎትም። ከፓርኮቹ ቀጥለው ያሉት ጥብቅ ክልሎች ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ሆቴልዎ ፊት ለፊት ያለው ውኃ ከየትኛው እንደሚመደብ በሆቴሉ ሠራተኛ ቃል ብቻ አይርኩ፤ ፓርኮቹን የሚያስተዳድረውን የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ቢሮ ይጠይቁ።

ከፓርክ ውጭም ቢሆን ለመዝናኛ ማጥመድ ፈቃድ ያስፈልጋል። የኬንያ የዓሣ ሀብት አገልግሎት የአካባቢ ቢሮን ወቅታዊውን ደንብና ክፍያ ይጠይቁና ደረሰኙን ይዘው ይሂዱ። ከዚህ ሌላ በየጀልባ ማረፊያው የአጥማጆች ኮሚቴ አለ፤ ቢኤምዩ ይሉታል። እዚያ ሄደው መተዋወቅ ጨዋነት ነው፤ ባሕሩ የእነርሱ እንጀራ ነውና። አረጋዊ ሲያገኙ «ሺካሞ ምዜ» ብለው ሰላምታ ያቅርቡ፤ «ማራሃባ» ብለው ይመልሱልዎታል። ከዚያ በኋላ ሰሞኑን ኮሌኮሌ የት እንደሚገባ ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ ከየትኛውም ካርታ ይበልጣል። ከእነርሱ መካከል አንዱን በቀን ክፍያ አስጎብኚ አድርገው ይያዙ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይህን ወጪ አይቆጥቡ፤ ለደኅንነትዎም ለዓሣውም ጥሩ ነው።

ሦስተኛ፦ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ዕቃ

ሦስት ወይም አራት ቦታ የሚከፈል፣ ሲገጣጠም 2.7 ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ከ20 እስከ 60 ግራም መወርወር የሚችል ዘንግ ይበቃል። አንድ ወጥ ረጅም ዘንግ በአውሮፕላን ማጓጓዝ ራስ ምታት ነው። ማጠንጠኛው ለጨው ውኃ የተሠራና 5000 ወይም 6000 ቁጥር ያለው ይሁን። በላዩ ቢያንስ 250 ሜትር የተጎነጎነ ክር፣ ከ15 እስከ 18 ኪሎ የሚችል፣ ይጠምጠም። በክሩ ጫፍ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ወፍራም የፍሎሮካርቦን መሪ ክር፣ 25 ኪሎ ገደማ የሚችል፣ ይቀጠላል፤ የተጎነጎነ ክር ኮራል ሲነካው ወዲያው ይበጠሳልና።

ሁለቱን ክሮች ለማገናኘት ድርብ ዩኒ ቋጠሮ በቂ ነው፦ ክሮቹን ጎን ለጎን አድርገው የአንዱን ጫፍ ቀለበት ሠርተው በሌላው ዙሪያ ስድስት ጊዜ ይጠምጥሙ፣ ሌላውንም እንዲሁ ያድርጉ፣ በምራቅ አርጥበው ቀስ ብለው ወደ መሐል ይሳቡ። ቤትዎ ተቀምጠው፣ ዓይንዎን ሳይጠቀሙ እስኪችሉት ድረስ ይለማመዱት፤ በምሽት ነፋስ ውስጥ ቆመው የሚማሩት ነገር አይደለም።

ባራኩዳና ኪንግፊሽ ክሩን በጥርሳቸው ይቆርጡታል። ስለዚህ ከማባበያው፣ ማለትም ትንሽ ዓሣ መስሎ ከሚጎተተው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ በፊት 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን የብረት ሽቦ ያስገቡ። ትሬቫሊ ብቻ በሚመጣበት ቦታ ግን ሽቦውን ያውጡት፤ ውኃው ጥርት ባለ ቁጥር ዓሣው ይጠረጥራል።

ለማባበያ አራት ዓይነት ይዘው ይሂዱ፤ ከዚያ በላይ መሸከም ከንቱ ነው። ከ30 እስከ 40 ግራም የሚመዝኑ ጠባብ የብረት ማባበያዎች፣ ነፋስን ሰንጥቀው ሩቅ ስለሚሄዱ፤ አፉ ጎድጓዳ የሆነና ውኃ የሚረጭ ፖፐር፤ ከላይ እየተጥመዘመዘ የሚዋኝ ረጅም ማባበያ፤ እና በእርሳስ ራስ መንጠቆ ላይ የሚሰኩ የጎማ ዓሦች። አብረዋቸው የሚመጡትን ባለ ሦስት ጣት መንጠቆዎች አውጥተው በጠንካራ ነጠላ መንጠቆ ይተኩ፣ የመንጠቆውንም እሾህ በፒንሳ ይጫኑት። ዓሣውን ለመልቀቅም ሆነ ከራስዎ ጣት ለማውጣት ይህ ትልቅ ልዩነት አለው።

የቀረው፦ ረጅም ፒንሳ፣ ክር መቁረጫ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ የውኃ ጫማ፣ የሥራ ጓንት፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽር፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የራስ ባትሪ፣ ሁለት ሊትር ውኃ። መንጠቆ፣ ቢላና ፒንሳ ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንጂ በእጅ አይያዙም። ዕቃዎን በፌስታል አይጠቅልሉ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። የጨርቅ ከረጢት ይበቃል።

አራተኛ፦ የት ይቆማሉ?

ከሁሉም የምወደው የባሕር ወሽመጥ አፍ ነው። ኪሊፊና ምትዋፓ ላይ ባሕሩ ወደ የብሱ ጠልቆ የገባባቸው ረጃጅም ወሽመጦች አሉ። ባሕሩ ሲሞላ ትናንሽ ዓሦች ወደ ማንግሮቭ ዛፎች ሥር ገብተው ይመገባሉ፤ ሲሸሽ ግን ውኃው ጠርጎ ያወጣቸዋል። ኮሌኮሌና ባራኩዳ ይህን ስለሚያውቁ ወራጁ ከጸጥተኛው ውኃ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። መስመሩ በዓይን ይታያል፤ በአንዱ ወገን ውኃው ይጨማደዳል፣ በሌላው ወገን ለስላሳ ነው፣ በመካከሉም አረፋና ቅጠል ይንሳፈፋል። በባምቩዋ ቀናት ጎሕና ምሽት ላይ የሚመጣው ሽሽት ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ያገጣጥምልዎታል። የጀልባ መተላለፊያ ላይ ግን አይቆሙ።

በማጂ ማፉ ቀናት፣ ጎሕና ምሽት ላይ ውኃው ሲሞላ፣ ወደ አሸዋማው ዳርቻ ይሂዱ። ውኃው በሸሸበት ሰዓት ቀድመው መጥተው ዳርቻውን ያጥኑት፤ ረዘም ያለ ቦይ፣ ተነጥሎ የቆመ ድንጋይ፣ አሸዋው ድንገት የሚጠልቅበት ቦታ ካዩ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ውኃው ሲመለስ አዳኙ የሚመጣው በዚያ ቦይ ነው።

ከማሊንዲ በስተሰሜን የሳባኪ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታም ዓሣ አለው፤ ነገር ግን ውኃው ደፍራሳ ነው፣ ጉማሬም ይኖርበታል። በጫሞ ጉማሬን የሚያውቅ ሰው ሲመሽ እዚያ እንደማይቆም አምናለሁ።

የትም ቢቆሙ ወፎቹን ይመልከቱ። ነጫጭ የባሕር ወፎች አንድ ቦታ ላይ እየተወረወሩ ወደ ውኃው ከገቡ፣ ወይም ትናንሽ ዓሦች በአንድ ጊዜ ከውኃው ተበትነው ከዘለሉ፣ ከሥራቸው አዳኝ አለ። ማባበያውን በመንጋው መካከል ሳይሆን ከጫፉ አልፎ እንዲወድቅ ይጣሉት።

አምስተኛ፦ አወራወርና አጎታተት

ከመወርወርዎ በፊት የማጠንጠኛውን ፍሬን፣ ማለትም ክሩ በምን ያህል ኃይል ሲሳብ እንደሚለቀቅ የሚወስነውን ክፍል፣ ያስተካክሉ። ክሩን በሻንጣ መመዘኛ ላይ አስረው ይሳቡ፤ አራት ወይም አምስት ኪሎ ላይ ክር መልቀቅ ይጀምር። ከዚያም ከኋላዎ ሰው አለመኖሩን አይተው ይወርውሩ፤ የኬንያ ዳርቻ የእግረኛ፣ የነጋዴና የሕፃናት መንገድ ነው።

መጀመሪያ በብረት ማባበያው ይጀምሩ። ውኃው ላይ ሲያርፍ ጥቂት እንዲሰጥም ይተዉትና በፍጥነት ያጠንጥኑ። ኪንግፊሽና ኩዊንፊሽ ሲሸሽ ያዩትን ነገር ያሳድዳሉ፤ ለእነርሱ ፈጣን የሚባል ነገር የለም። ባራኩዳ ግን ሩጫውን ድንገት ሲያቆሙለትና እንደገና ሲጀምሩለት ይመታል። ከአምስት ስድስት ውርወራ በኋላ አቅጣጫውን ይቀይሩ፣ ከዚያ ቦታውን። አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ መዋል የሐይቅ ልማድ ነው፤ እዚህ የሚሄድ ሰው ይይዛል።

ብርሃኑ ሲደበዝዝ ፖፐሩን ያውጡ። ዘንጉን ወደ ጎን በኃይል ሳብ ያድርጉት፣ ውኃው ይረጫል፤ ክሩን ይሰብስቡ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቁ፣ ይድገሙት። ትሬቫሊ ከኋላው ማዕበል እያነሣ ሲከተል ካዩ አያቁሙ፤ ይልቁንም ያፍጥኑ። ሲመታ ውኃው ይፈነዳል፣ እጅም ዘንጉን ወደ ላይ ለመንጠቅ ይቸኩላል። ይህን ፍላጎት ይግቱት። ክብደቱ በክሩ ላይ እስኪሰማዎ ማጠንጠንዎን ይቀጥሉ፣ ከዚያ ዘንጉን ወደ ጎን አጥብቀው ይሳቡ። ማባበያው እግርዎ ሥር እስኪደርስ ድረስም አያንሱት፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሜትሮች የሚመታ ዓሣ ብዙ ነው።

ስድስተኛ፦ ትግሉና ማውጣቱ

የመጀመሪያው ሩጫ ወሳኝ ነው፤ ዓሣው ወደ ኮራል ይሮጣል። ዘንጉን ዝቅ አድርገው ከሚሄድበት በተቃራኒ ወደ ጎን ይሳቡት፣ በእግርዎም ዳርቻውን ተከትለው ይሂዱ። ፍሬኑን በትግል መካከል አያጥብቁ። ሲደክም ሞገድ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ሞገዱ ዓሣውን ወደ አሸዋው ሲያነሣው አብረው ወደ ኋላ ይራመዱ፣ ሲመለስ ዓሣው ደረቅ ላይ ይቀራል። ክሩን ይዘው አያንጠልጥሉት።

ጓንት ያድርጉ። የባራኩዳ ጥርስ ሞቶም ይቆርጣል፤ መንጠቆውን በረጅም ፒንሳ ብቻ ያውጡ። የሚለቁት ከሆነ ጓንቱን በውኃ አርጥበው ከሆዱ ሥር ደግፈው፣ ራሱን ወደሚመጣው ውኃ አዙረው ይያዙት፤ በራሱ ጉልበት ሲያመልጥዎ ይሂድ። ድብልብል ብሎ የሚነፋ ዓሣ ቢይዙ ግን በእጅ ሳይነኩ መልሱት፤ መርዙ ሰው ይገድላል፣ ምግብም አይሆንም።

በጨለማ የራስ ባትሪዎን ወደ ውኃው አያብሩ። አፈ መርፌው ዓሣ ብርሃን ሲያይ ከውኃ ተፈናጥሮ ይወረወራል፤ ሰው ያቆሰለበት፣ የገደለበትም አጋጣሚ አለ።

በሪፉ ላይ ስለ መሄድ

በባምቩዋ ቀናት ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ባሕሩ ሲሸሽ ከዳርቻ ርቆ ያለው ሪፍ፣ ማለትም የኮራል ድንጋይ አጥር፣ ይገለጣል፤ በእግር ደርሰው ከጠርዙ ወደ ጥልቁ መወርወር ይችላሉ። ትልልቆቹ ዓሦች እዚያ ስላሉ ፈተናው ብርቱ ነው። ብቻዎን ፈጽሞ አይሂዱ። ሪፉ ከበስተኋላው ካለው ውኃ ከፍ ያለ ነው፤ ባሕሩ ሲመለስ እርስዎ የቆሙበት ገና ደረቅ ሳለ በእርስዎና በዳርቻው መካከል ያለው ቦይ ይሞላል። ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ባሕር ስለሆነ የሚያግደው ውኃ ከኋላው መምጣቱን አያስተውልም። ደንቡ ይህ ነው፦ ከሽሽቱ መጨረሻ ሁለት ሰዓት ቀድመው ወደ ሪፉ ይነሡ፣ ሠንጠረዡ ዝቅተኛ ባለው ደቂቃ ፊትዎን ወደ ዳርቻ ያዙሩ። ዓሣ እየመታ ቢሆንም ይመለሱ። ለዚህ የስልክዎን ማንቂያ ይሙሉ።

እግርዎን በአሸዋና በሞተ ድንጋይ ላይ ብቻ ያሳርፉ፤ ሕያው ኮራል በአንድ ርግጫ የሚሰበረው የብዙ ዓመት እድገት ነው። እርስዎንም የሚጠብቅዎ ይኸው ጥንቃቄ ነው፤ ድንጋይ መስሎ የሚተኛው ስቶንፊሽ በጀርባው መርዛማ እሾህ አለው። ከወጋዎ እግርዎን መታገሥ እስከሚችሉት፣ ግን በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይንከሩና በፍጥነት ሆስፒታል ይሂዱ። ውብ ዛጎል ቢያዩም አያንሡ፤ ሾጣጣዎቹ ውስጥ የሚኖረው ቀንድ አውጣ መርዝ ይወጋል።

ሊበሉት ካሰቡ

ለአንድ እራት የሚበቃ መካከለኛ ዓሣ ያስቀሩ፣ ሌላውን ይልቀቁ። በተለይ ትልልቅ ባራኩዳዎችና የሪፍ አዳኞች በሥጋቸው ውስጥ ሲጓቴራ የተባለ መርዝ ሊያጠራቅሙ ይችላሉ፤ ከጥቃቅን የባሕር ሕዋሳት ተነሥቶ በትናንሾቹ ዓሦች በኩል ወደ ትልቁ ይሸጋገራል። በመቀቀልም ሆነ በመጥበስ አይጠፋም፣ በጠረኑም በጣዕሙም አይታወቅም። ኪንግፊሽን የመሰሉ ዓሦች ደግሞ ፀሐይ ላይ ከቆዩ ሰውነት የሚያሳክክና ፊት የሚያቀላ መርዝ ያበቅላሉ። እንደያዙት ደሙን አፍስሰው በረዶ ውስጥ ያስገቡት፤ በረዶ ካልያዙ ይልቀቁት።

ወደ ሆቴል ሲመለሱ

ጨው ዕቃን በአንድ ሌሊት ይበላል። የማጠንጠኛውን ፍሬን ጠበቅ አድርገው በቀስታ በሚፈስ የቧንቧ ውኃ ያጥቡት፤ በኃይል የሚረጭ ውኃ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋል። ማባበያዎቹንና ፒንሳውንም ያጥቡ፣ በጥላ ያድርቁ፣ ከዚያ ፍሬኑን ያላሉት። ከመሪ ክሩ ጫፍ ሁለት ክንድ ያህል በጣትዎ ይዳብሱ፤ ሻካራ ከሆነ ቆርጠው እንደገና ይቋጥሩ፣ የቆረጡትንም ክር ይዘው ወደ ቆሻሻ መጣያ ይውሰዱት፤ የባሕር ኤሊዎች በዚሁ ዳርቻ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ማታውኑ የነገውን ሠንጠረዥ አይተው ማንቂያዎን ይሙሉ።